ሰነፍ ሰው ወይስ ሰው ሰነፍ

መስከረም 24

ይድረስ ባሕር ተሻግረው ስማችንን ላስጠሩት ለዶክተር አክስቴ፤

ሰላምታዬ ካሉበት ድረስ መጥቶ ጤናዎን ይጠይቅልኝ። እኛ በጠቅላላ ደህና ነን። እናቴ ግፊቷ ከፍ ባለ ቁጥር እርስዎ የጻፉላትን ምክር ከኮመዲኖው አውጥታ ታነባለች፤ ከመድኃኒቱ ይልቅ የታላቅ ዶክተር እህቷ የእጅ ጽሑፍ ይሻላታል። አባቴም ሰላም በልልኝ ብሏል። የእሱን ሰላምታ ተቀብለው እንደማያውቁ አውቃለሁ፤ ግን ከጀርባዬ ቆሞ ስለሚያይ ጽፌዋለሁ። ይህችን የጨመርኳት ፀጉሩን የሚስተካከል ደንበኛ መጥቶለት ሲሄድ ነው።

መመረቄን ሰምተዋል። በዚህ ቤት መመረቅ ትልቅ ነገር አይደለም። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ነጭ ጋዋን ለብሰው ቁልቁል የሚያዩን እርስዎ ስላሉ፣ እኔ የለበስኩት ጋዋን የእርስዎ ልባሽ ነው የሚመስለው። እናቴ ስታቅፈኝ እንኳ «እንደ አክስትህ ያድርግህ» ነው ያለችኝ።

አሁን የቀረኝ የሙያ ፈቃድ ፈተናው ነው። ያለ እሱ ዲግሪው ለምንም አይሆንም። ሌሎቹ ክፍሎች አያሳስቡኝም፤ እንቅልፍ የሚነሳኝ ባዮኬሚስትሪው ነው። ያስተማረን መምህር፣ «መርዙ» ነበር የምንለው፣ ጀርባውን ሰጥቶን ሰሌዳው ላይ ቀስት ሲያሰምር ከርሞ ሄደ። ቀስቶቹን ደብተራችን ላይ ገለበጥናቸው እንጂ ከየት ወዴት እንደሚሄዱ የገባው ሰው የለም፤ እሱንም ጨምሮ።

እርስዎ በዚያ አገር ፈቃድዎን በመጀመሪያው ሙከራ እንዳገኙ እናቴ ላልጠየቃት ሁሉ ትናገራለች። እንግዲያው የተፈተኑበትን የጥያቄ መጽሐፍ፣ አሮጌም ቢሆን፣ ቢልኩልኝ ውለታዎን አልረሳም። ለእርስዎ አቧራ የለበሰ ወረቀት ነው፤ ለእኔ ግን የነገ ሥራዬ ነው።

ታዛዥዎ፣
የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 30

ለእህቴ ልጅ፤

ጤና ይስጥህ። ለእናትህ ናፍቆቴን አድርስልኝ። ለሌላው የቤቱ ሰው ደግሞ ሰላምታው መድረሱን ንገረው፤ ከዚህ በላይ አይጠበቅብኝም።

ደብዳቤህን ሥራ ላይ ሆኜ አነበብኩት። ያን ሁሉ ዞረህ ዞረህ የፈለግከው አንድ መጽሐፍ ነው። ሐኪም ነገር አያንዛዛም። በሽተኛ ፊት ቆመህም እንዲህ ከሆነ የምታወራው፣ ሰውየው «ምንህን ነው የሚያምህ» እስክትለው ድረስ በሕይወት አይቆይህም።

መጽሐፍ አልልክልህም። መጽሐፍ ለሚያነብ ሰው ነው፤ አንተ የመቀስ ልጅ ስለሆንክ ከላይ ከላይ መከርከም ነው የምታውቀው። ይልቅ እንዲህ እናድርግ። ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምረህ እያንዳንዱን የገባህን ያህል በራስህ ቃል ጻፍልኝ። በአማርኛ ጻፈው። በፈረንጅ አፍ የሚጽፍ ሰው ከቃሉ ጀርባ ይደበቃል፤ በገዛ ቋንቋው ሲጽፍ ግን አለማወቁ ፍንትው ብሎ ይታያል። እኔ አይቼ አርምልሃለሁ።

ስኳር ሴል ውስጥ እንዴት እንደሚሰባበር ከሚለው ጀምር። የትኛው ኢንዛይም የቱ ጋ እንደሚቆጣጠር፣ ለምን እንደሚቆጣጠርም ጭምር። አጭር አታድርገው። ቶሎ ላክ፤ ሥራ ስለሚበዛብኝ መጠበቅ አልወድም።

ዶክተር አክስትህ


ኅዳር 22

ይድረስ ለዶክተር አክስቴ፤

እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እንደተዉን ነን። ሐኪም ነገር አያንዛዛም ብለው እዚያው ደብዳቤ ላይ አጭር አታድርገው ስላሉኝ፣ የትኛውን እንደምታዘዝ ቸግሮኝ ረዘም ያለውን መርጫለሁ።

ጽሑፉን ለብቻው አያይዤዋለሁ። በአጭሩ ነገሩ እንዲህ ነው። ስኳሩ ሴል ውስጥ እንደገባ ፎስፌት ይለጠፍበታል። ፎስፌት የተለጠፈበት ስኳር ተመልሶ መውጣት አይችልም፤ ሲኒማ ቤት ገብቶ በሩ ከኋላው እንደተቆለፈበት ሰው ነው። ፊልሙን ቢወደውም ባይወደውም እስከ መጨረሻው ይቀመጣል። ከዚያ ለሁለት ይከፈላል፤ ጉልበቱን እየተነጠቀ ሄዶ ፓይሩቬት ይሆናል። ዋናው ተቆጣጣሪ ኢንዛይም መሐል መንገድ ላይ ያለው ነው፤ ሴሉ ጉልበት ሲጠግብ በሩን ይዘጋል፣ ሲራብ ይከፍታል።

እንደሚያዩት ከላይ ከላይ አልከረከምኩትም። ስህተት ካገኙበት በቀይ አርመው ይመልሱልኝ። መጽሐፉንም፣ ሐሳብዎን ከቀየሩ፣ አብረው ቢልኩልኝ አልከፋም።

አክባሪዎ፣
የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 14

ለእህቴ ልጅ፤

ጤናህ ይብዛልህ፤ የእጅ ጽሑፍህን ግን አንድ ነገር አድርገው። ዶሮ የጫረው መሬት ከዚህ ይሻላል።

ጽሑፍህ ደርሶኛል። ደህና ነው፤ ስህተት አላየሁበትም። የሲኒማ ቤቱ ምሳሌ የሕፃን ቢሆንም ይያዛል። ግን አንድ ጥያቄ። ስኳሩ በሩ ከተቆለፈበት፣ ጉበት ታዲያ ስኳር ወደ ደም የሚመልሰው እንዴት ነው? ማን ነው የሚከፍትለት? እኔ አውቀዋለሁ፤ አንተ ታውቅ እንደሆነ ልይህ ብዬ ነው። እነዚህ ፈተና የሚያወጡ ሰዎች እንዲህ ያለ ጥያቄ ማምጣት ይወዳሉ።

ስብ እንዴት እንደሚቃጠልና ዩሪያ እንዴት እንደሚሠራም ጻፍልኝ። ሁለቱንም በአንድ ፖስታ። በመጨረሻ ላይ ማጠቃለያ አድርግበት፣ በኪስ እንዲያዝ ሆኖ። እኔ በኪሴ ልይዘው አይደለም፤ አንተ እጥር ምጥን ማድረግ እንድትለምድ ነው።

አንድ በሽተኛዬ ድሮ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነበር። ጠዋት ክፍሉ ስገባ መጀመሪያ የሚለኝ «ትኬት» ነው። ባለፈው ሌላ ነገር ስላልያዝኩ ያንተን ገጽ ሰጠሁት። ገልብጦ አየው፣ መነጽሩን አውልቆ አየው፣ ከዚያ «ይሄ ጊዜው አልፎበታል» ብሎ መለሰልኝ። እኔ ካልኩት ሁሉ ይልቅ ይህ ነው የሚገልጽህ።

ዶክተር አክስትህ


ጥር 8

ለአክስቴ፤

ጤና ይስጥሽ።

የጎረቤታችን የልብስ ሰፊዋ ልጅ ለእረፍት መጥታ ቤታችን ገብታ ነበር። አንቺ ያለሽበት ከተማ ነው የምትኖረው፤ አላወቅንም እንጂ። እናቴ እንደ ልማዷ ከግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶሽን አሳይታት ሻይ ልታፈላ ጓዳ ገባች። ልጅቷ ፎቶውን ትኩር ብላ አይታ ምን አለችኝ መሰለሽ? «እንዴ፣ አውቃታለሁ እኮ! የአረጋውያን መኖሪያው ውስጥ በአንድ ፈረቃ ነን። ሽማግሌዎቹን ታጥባለች፣ አልጋ ታነጥፋለች። ኃይለኛ ናት እንጂ ሥራዋስ ንጹሕ ነው።» እናቴ ሻዩን ይዛ ስትመለስ ልጅቷን ስለ አየሩ ጠየቅኳት።

ለካ «በሽተኛዬ» የምትዪው ሰውዬ ገላውን የምታጥቢው ሰውዬ ነው። ለካ «ልይህ ብዬ ነው» ማለት «አስተምረኝ» ማለት ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ እኔ ተማሪ መስዬ አስተማሪ፣ አንቺ አስተማሪ መስለሽ ተማሪ! ዓይንሽን በጨው ታጥበሽ «ስህተት አላየሁበትም» አልሽኝ። ስህተት ቢኖርበትስ በምን ታዪው ነበር?

ጉበት በሩን የሚከፍተው ፎስፌቱን የሚያነሳ ኢንዛይም ስላለው ነው። ኩላሊትም አለው፤ ጡንቻ የለውም። ይኸው፤ በኪስሽ ያዢው።

አባቴን ዕድሜውን ሙሉ «መቀስ» ስትዪው ኖረሻል። በሠርጋቸው እንኳ «እህቴ ፀጉር ልትጠርግለት ነው የምታገባው» ብለሽ ያስወራሽው እስከ ዛሬ ይነገራል። አንቺ ደግሞ ምን ልትጠርጊ ባሕር እንደተሻገርሽ አሁን ታወቀ።

ለእናቴ አልተነፈስኩም። ወደፊትም አልተነፍስ ይሆናል፤ እንደ ሁኔታው ነው። መጽሐፉ ይቅርብኝ። ነገር ግን ሥራ ስጀምር የልብ ማዳመጫ ያስፈልገኛል። የራስሽን ላኪልኝ፤ ለአንቺ ምን ይሠራልሻል?

የእህትሽ ልጅ


ጥር 29

ለባለጌው፤

«እርስዎ» የት ሄደ? መንገድ ላይ ወድቆ ከሆነ ፖስታ ቤቱን እጠይቅልሃለሁ።

አዎ፣ አጥባለሁ። ጀርባ አጥባለሁ፣ እግር አጥባለሁ፣ አንተ ስሙን ስትሰማ አፍንጫህን የምትይዘውን ሁሉ አጥባለሁ። የማጥባቸው ሰዎች ካንተ የተሻለ ሥነ ሥርዓት አላቸው። አንተ አፍንጫህን መናፈጥ ሳትችል፣ እኔ ዋርድ ሙሉ በሽተኛ ብቻዬን ይዤ ውዬ አድሬያለሁ። ሰው ሲስል ከበር ሆኜ ሰምቼ የትኛው ሳንባው እንደታመመ እነግርሃለሁ። እዚህ ግን ይህን የሚጠይቀኝ የለም። እዚህ የሚጠይቁኝ የትኛው ሞለኪውል ከየትኛው በፊት እንደሚመጣ ነው። ዕድሜውን በሙሉ አንድ በሽተኛ አክሞ የማያውቅ ሰው ተቀምጦ ያወጣው ጥያቄ።

በሌሎቹ ክፍሎች ሁለቴም አልፌያለሁ። ሁለቴም የጣለኝ ባዮኬሚስትሪው ነው። የሚፈቀደው ሦስት ሙከራ ነው፤ ሦስተኛው ሰኔ 2 ነው። እሱን ከወደቅኩ ማመልከት አይቻልም፤ በዚህ አገር እስከ መጨረሻዬ አጣቢ ነኝ ማለት ነው። ደስ አለህ? ደስ ይበልህ፤ ጉዳዬ አይደለም።

ለእናትህ ንገራት፣ ከፈለግክ። ግን አትነግራትም። ፎቶው ከግድግዳው ከወረደ አንተን ከማን ጋር አስተያይታ ልትኮራብህ ነው? ያለ እኔ አንተም ዝም ብለህ የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ልጅ ነህ። የልብ ማዳመጫዬን ደግሞ አልሰጥህም። አንተ ለወሬ የሚሆን ጆሮ ከበቂ በላይ አለህ።

አሁን ወደ ሥራችን። ስብና ዩሪያውን አልላክህልኝም። እሱን ላክ። ከሁሉም በላይ ግን የሲትሪክ አሲድ ዑደቱ አልያዝ አለኝ። ስምንት ነገር በክብ ይሄዳል፤ ጠዋት አስተካክዬ እደረድረዋለሁ፣ ምሳ ሰዓት ላይ አንዱ የሌላው ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። የምታውቀው መላ ካለ ጻፍ። «እባክህ» የሚል ቃል እየፈለግክ ከሆነ እዚህ ደብዳቤ ላይ አታገኘውም።

ብትወድም ባትወድም፣
አክስትህ


የካቲት 20

ለማትለምነው አክስቴ፤

ጤና ይስጥሽ። ስብና ዩሪያውን አያይዤልሻለሁ። እናቴ ናፍቆቷን ልካለች፤ ሁልጊዜም እንደምታደርገው «ሥራ እንዳይበዛባት ንገራት» ብላለች። ነግሬሻለሁ።

ዑደቱን በተመለከተ፤ ይህን የምጽፍልሽ አዝኜልሽ አይደለም። የወደቀ ሰው ሲለምን ማየት እወዳለሁ እንጂ ሳይለምን ሲሰድበኝ ማየት አልወድም። ግን አንድ ነገር ሠርቻለሁ፣ ለማንም ባሳየው የምኮራበት ነው፤ ጓደኞቼን ሁሉ ያስጠናሁት በዚሁ ነው። ስምንቱን በመጀመሪያ ፊደላቸው አንድ ዓረፍተ ነገር አደረግኳቸው፦

«ሲመክሩት አይሰማም፣ ከንቱ ሰው፣ ሰነፍ፣ ፉከራ ማብዛት፣ ኦሆሆ!»

ሲመክሩት፣ ሲትሬት። አይሰማም፣ አይሶሲትሬት። ከንቱ፣ ኬቶግሉታሬት። ሰው፣ ሰክሲኒል ኮ-ኤ። ሰነፍ፣ ሰክሲኔት። ፉከራ፣ ፉማሬት። ማብዛት፣ ማሌት። ኦሆሆ ደግሞ ኦክሳሎአሴቴት፤ ከእሱ በኋላ ክቡ ዞሮ ወደ «ሲ» ይመለሳል። ተፈታኙን ሁሉ የሚያደናግሩት በ«ሰ» የሚጀምሩት ሁለቱ ናቸው፤ እነሱን ከያዝሽ ሌላው ቀላል ነው።

ዓረፍተ ነገሩን የሠራሁት አንድ የማውቀውን ሰው እያሰብኩ ነው። ማን እንደሆነ አልነግርሽም።

የእህትሽ ልጅ


መጋቢት 9

ለአስተማሪው፤

ሰላም ለአንተ ይሁን፣ ካስፈለገህ። ዓረፍተ ነገርህ ደረሰኝ። የቀልደኛ ሥራ ነው፤ ግን ይያዛል፤ አልዋሽህም።

አንድ ነገር ግን ዓይኔ አልፎት ሊሄድ አልቻለም። «ከንቱ ሰው፣ ሰነፍ» ብሎ አማርኛ አለ? ማን ነው ያስተማረህ? ቅጽል ከስሙ ይቀድማል፤ ይህን አራተኛ ክፍል ነው የምንማረው። ሰነፍ ሰው ይባላል እንጂ ሰው ሰነፍ አይባልም። ሰው ሰነፍ የሚል ወይ ሕፃን ነው ወይ ከፈረንጅ ቋንቋ ሲተረጉም ያደገ ነው። ስለዚህ አረምኩት፦

«ሲመክሩት አይሰማም፣ ከንቱ፣ ሰነፍ ሰው፣ ፉከራ ማብዛት፣ ኦሆሆ!»

አሁን አፍ ላይ ይጣፍጣል። አንሶላ ስቀይር እሱን ነው የምለው፣ ኮሪደር ስወለውል እሱን። ከንቱ፣ ኬቶግሉታሬት፤ ሰነፍ፣ ሰክሲኔት፤ ሰው፣ ሰክሲኒል፤ ፉከራ፣ ፉማሬት። ውሃ ሆኖ ይወርዳል። የባቡሩ ተቆጣጣሪ ሰምቶኝ «ጮክ በዪ» አለኝ። ጮክ ብዬ ስለው «ትኬት ሳይቆርጥ የሚሳፈር ሁሉ እንዲህ ነው» አለ።

ስለ ማን እንደሆነ መደበቅህ ያስቃል። አባትህ ነው። ቁርጥ እሱ። መስተዋት ፊት ቆሞ ለደንበኛ ሲፎክር የሚውለው፣ አንድም ቀን ከዚያች ወንበር ጀርባ ወጥቶ ሌላ ነገር ሳይሞክር ያረጀው። ልጁ ሆነህ ይህን ማየትህ፣ ካንተ የጠበቅኩት አልነበረም። ለመጀመሪያ ጊዜ አእምሮ እንዳለህ ጠረጠርኩ።

አክስትህ


መጋቢት 25 (ያልተላከ)

አክስቴ፤

ጤና ይስጥሽ። ስታርሚው ገለበጥሽው። ሰዋስውሽ ልክ ነው፣ ኬሚስትሪሽ ተበላሸ። ቅጽሉን ስታስቀድሚ ሁለቱ «ሰ»ዎች ቦታ ተለዋወጡብሽ። ሰክሲኒል ነው የሚቀድመው፣ ሰክሲኔት ነው የሚከተለው። ስለዚህ አማርኛው ቢያምርም ባያምርም ሰው ሰነፍ ብለሽ መልሺው፤ ፈተናው ላይ የሚያመጡት ይህንኑ ነው፤

ቆይ፣ ለምንድን ነው የምነግራት?

ስለ አባቴ የጻፈችውን ደግሜ አነበብኩት። እሱ አጠገቤ ቆሞ ማበጠሪያ እያጠበ ነው፤ «ምን አለች? ደህና ናት?» ይለኛል። ደህና ናት አልኩት። እኔ ያን ዓረፍተ ነገር ስሠራ ያሰብኩት እሷን ነበር። ራሷን መስተዋት ውስጥ አይታ «ይሄ አባትህ ነው» ትላለች! የላክኩላት ትክክለኛውን ነው። ያበላሸችው እሷ ናት፣ ሳይጠይቋት። ሳታውቅ የምታርም ሰው እርማቷን ትብላው። እኔ ምን አደረግኩ? ምንም አላደረግኩም።


መጋቢት 25

ለአክስቴ፤

ጤና ይስጥሽ። እርማትሽ ደርሶኛል። አማርኛው ላይ ልክ ነሽ፤ ቅጽል ከስም ይቀድማል። እንደተመቸሽ አጥኚው።

የእኔ ፈተና በሚቀጥለው ወር ነው። አባቴ ሰላም ብሎሻል።

የእህትሽ ልጅ


ሚያዝያ 15

ለእህቴ ልጅ፤

ጤናህን እመኝልሃለሁ። ፈተናህን ተፈትነህ ከሆነ ይቅናህ፤ ይህን ከልቤ ነው የምጽፈው፣ ደግመህ አታንብበው።

ዛሬ የምጠይቅህ አንድ ነገር ብቻ ነው። ያ ዓረፍተ ነገር፣ እኔ እንዳረምኩት ሆኖ፣ ደህና ነው? ስለ አማርኛው አይደለም የምልህ። ከኬሚስትሪው በኩል የምትጨምርበት ወይም የምትለውጠው ነገር ካለ አሁን ጻፍልኝ። ሰኔ 2 እቀመጣለሁ፤ ቶሎ ከመለስክልኝ ቀድሞ ይደርሳል። ከዚህ በኋላ ሌላ ዕድል እንደሌለኝ ነግሬሃለሁ።

ልትሰድበኝም ከፈለግክ ሰድበህ ጻፍልኝ፤ ችግር የለውም። በፊት በደብዳቤዬ ላይ አታገኘውም ያልኩህን ቃል እየጻፍኩልህ ነው። እባክህ።

አክስትህ


ግንቦት 5

ለአክስቴ፤

ጤና ይስጥሽ። ደስ የሚል ወሬ አለኝ፤ አልፌያለሁ! ባዮኬሚስትሪው ላይ ከክፍላችን ከሁሉ የበለጠው ውጤት የእኔ ነው። የሲትሪክ አሲድ ዑደቱ መጣ፤ እየሳቅኩ ነው የሠራሁት፤ ተቆጣጣሪዋ «ምን ያስቅሃል» ብላ ገላመጠችኝ። ቦታዬን ነግረውኛል፣ በሚቀጥለው ወር ሆስፒታል እጀምራለሁ። እናቴ ጋዋን የለበስኩበትን ፎቶ አሳጥባ ካንቺው አጠገብ ሰቅላዋለች። ፍሬሙ ካንቺ ይበልጣል።

የጠየቅሽኝን አንብቤዋለሁ። የምጨምረውም የምለውጠውም የለም። እንደያዝሽው ያዢው።

«እባክህ» ማለትሽን ለአባቴ ነገርኩት፤ እንዲስቅ ብዬ ነበር። አልሳቀም። «የጠየቀችህን ንገራት እንጂ» ብሎኝ ወደ ደንበኛው ዞረ። ምን እንደጠየቅሽኝ መች ገባውና።

በይ፣ ይቅናሽ።

ዶክተር የእህትሽ ልጅ


ሐምሌ 11

ይድረስ ለተከበሩ ለዶክተር፤

የከበረ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። ፈቃድዎን ስላገኙና ሥራ ስለጀመሩ እንኳን ደስ አለዎት። አባትዎ የላኩልኝ ሰላምታ ደርሶኛል፤ እኔም እንዴት ሰነበቱ ብያለሁ ብለው ያድርሱልኝ። አደራ፣ ይህችን አይቀንሱብኝ።

ውጤቴ መጥቷል። ወድቄያለሁ።

ደብዳቤውን አያጥፉት፣ አልጨረስኩም። «ሰክሲኔትን ወደ ፉማሬት የሚለውጠው ኢንዛይም ቢታገድ የሚከማቸው የቱ ነው? ከእሱ በፊት የሚመጣውስ?» የሚል ጥያቄ መጥቶ ነበር። በትክክል መለስኩት። እርማቴ ስህተት መሆኑን ያወቅኩት የመጋቢቱ ደብዳቤ ከእጄ በወጣ በሳምንቱ፣ የታጠበ አንሶላ ሳጣጥፍ ነው። ሰክሲኒል ኮ-ኤ የተባለው ኮ-ኤ የሚሉትን ሞለኪውል ስለተሸከመ ነው፤ ያንን ሲያወርድ ጉልበት ይወጣል፣ የቀረውም ሰክሲኔት ይባላል። እኔ ባረምኩት መንገድ ግን ሸክሙን ሳይሸከም አውርዶት ቁጭ ብሏል። አንሶላውን ይዤ ብቻዬን ሳቅኩ። ለቅጽል ብዬ ኬሚስትሪ ገለበጥኩ! ከእኔ በቀር ይህን የሚሠራ የለም።

ወዲያው አልጻፍኩልዎትም። እንደማያልፉኝ እርግጠኛ ነበርኩ። እንደ ልማድዎ ስድብ በስድብ አድርገው፣ «አላዋቂ፣ ገለበጥሽው እኮ» ብለው እንደሚያርሙኝ ስጠብቅ ነበር። ስድቡን ጓጉቼ ነው የጠበቅኩት። የመጣልኝ «አማርኛው ላይ ልክ ነሽ» የሚል ነው። ምናልባት አላስተዋለው ይሆናል ብዬ ተከራከርኩልዎት። አልቻልኩም፤ ዓረፍተ ነገሩን የሠሩት እርስዎ ነዎት፣ ጓደኞችዎን ሁሉ ያስጠኑበት።

ስለዚህ በሚያዝያ የጠየቅኩዎት መልሱን ይዤው ነው። ኬሚስትሪውን አልነበረም የጠየቅኩት። «እባክህ» የሚለውን ቃል በሕይወቴ ለብዙ ሰው ብዬው አላውቅም፤ ለእርስዎ ጻፍኩት፤ ከዚያ ፖስታ በመጣ ቁጥር በር ላይ ቆሜ ነበር የምቀበለው። «እንደያዝሽው ያዢው» የሚለውን እዚያው በር ላይ ነው ያነበብኩት።

የወደቅኩት በሌላ ነው። ቫይታሚኖቹና በዘር የሚወረሱት የኢንዛይም ጉድለቶች ናቸው የጣሉኝ፤ እርስዎን ያልጠየቅኩባቸው ምዕራፎች ናቸው። እንዲህ በማለቴ ይቅር ይበሉኝ እንጂ፣ ለእኔ መውደቅ ምክንያት ለመሆን እንኳ አልበቁም።

ለእናትዎ ዛሬ ሁሉንም ጽፌላታለሁ። ምን እንደምሠራ፣ ስንት ጊዜ እንደወደቅኩ፣ ፎቶውንም እንዳሻት እንድታደርገው። ስለ ግፊቷም እዚያው ያለ ሐኪም እንድታይ፣ የእኔን ደብዳቤ ማንበብ እንድትተው ነግሬያታለሁ። የጻፍኩላት የእኔን ብቻ ነው። የእርስዎን ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

እንግዲህ ነገም ዋርድ ይገባሉ። ከእርስዎ ጋር የሚሠራ፣ የሚንቁት፣ አባትዎን ወይም እርስዎን የሰደበ ሰው አይጠፋም። አንድ ቀን ይህ ሰው በበሽተኛ ካርድ ላይ የተሳሳተ የመድኃኒት መጠን ሲጽፍ ያያሉ። ያን ቀን ምን እንደሚያደርጉ እኔ አውቃለሁ። አልጋው ላይ የተኛው ሰው አያውቅም።

ከአክብሮት ጋር፣
የእናትዎ እህት